አሽዋጋንዳ፤ እኛ ጊዜዋ የምንለው ሥር

በሕንድ ምድር አሽዋጋንዳ የሚባለው ሥር፣ በሳንስክሪት ልሳን ትርጓሜው «የፈረስ ሽታ» ሲሆን፣ ይህን ስም ያገኘው ከመሬት ትኩስ ተነቅሎ ሲሸተት የፈረስ ላብን የሚያስታውስ ጠረን ስላለው ነው፤ አዩርቬዳ የተባለው ጥንታዊ የሕንድ ሕክምና ሊቃውንት ግን በዚሁ ስም ውስጥ ሌላ ምሥጢር ያነባሉ፤ ሥሩን የሚወስድ ሰው የፈረስን ብርታት ይለብሳል ይላሉና።

ተክሉ ራሱ ከወገብ እምብዛም የማያልፍ ቁጥቋጦ ነው፤ ቀይ ፍሬው እንደ ወረቀት በሳሳ ከረጢት ውስጥ ተሸሽጎ ይበስላል፤ በዘመድም ከቲማቲም፣ ከድንችና ከበርበሬ ይቈጠራል። ሊኔዎስ የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 ሲመዘግበው በላቲን ሶምኒፌራ፣ ማለት «እንቅልፍ አምጪ»፣ የሚል ቅጽል ሰጠው።

በሕንድ የማድያ ፕራዴሽ ግዛት ገበሬ በክረምቱ ዝናም ይዘራውና አምስት ስድስት ወር ታግሦ፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ፍሬውም ሲቀላ፣ ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ ሥሩም ታጥቦ፣ ተቈራርጦና በፀሐይ ደርቆ ወደ ኒሙች ገበያ ይወርዳል። ባለመድኃኒቱ ዱቄቱን በትኩስ ወተት በጥብጦ፣ ወይም በንጥር ቅቤና በማር ለውሶ፣ ከደዌ ተነሥቶ ጉልበቱ ላልተመለሰለት፣ እንቅልፍም ለራቀው ሰው ያዝዛል። የአዩርቬዳ ጥንታውያን መጻሕፍት ሥሩን «ራሳያና» ከሚሉት፣ ሥጋን ከሚያድሱ መድኃኒቶች ወገን ያኖሩታል፤ እኔም ይህ የሕክምና ሥርዐት፣ በሽታን ከማባረር አልፎ የተረፈውን ሰው ለማጽናት መጨነቁ፣ እጅግ ያስከብረዋል ባይ ነኝ።

በእስራኤል የቫይስማን ተቋም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ከቅጠሉ ዊታፌሪን የተባለውን ንጥረ ነገር መርምረው ባሕርዩን ገለጡ። በዘመናችን የተደረጉ አነስተኛ ምርመራዎችም ሥሩ ጭንቀትን እንደሚቀንስና እንቅልፍን በመጠኑ እንደሚረዳ ያመለክታሉ፤ ሆኖም ጉበታቸው የተጐዳ ሰዎች ስለ ታዩ፣ ነፍሰ ጡርም እንዳትወስደው ስለሚመከር፣ መድኃኒት ነው ተብሎ ያለ ሐኪም ምክር የሚዋጥ አይደለም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈጽማ ከልክላዋለች።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ልቤን የሚነካው፣ ይኸው ተክል በአገራችን በአጥር ሥርና በመንገድ ዳር የሚበቅለው ጊዜዋ መሆኑ ነው። ሕንዳዊው በወተት የሚጠጣውን ሥር የእኛ መድኃኒት ዐዋቂ ፍም ላይ ጥሎ፣ ቡዳ በላው ወይም ክፉ መንፈስ አደረበት የተባለውን ሕመምተኛ በጢሱ ያጥነዋል።