አዲሱን መምህር ተቀብሎ ማቆየት የመንደሩም ሥራ ነው

ክረምቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ገበሬው አረሙን ነቅሎ የመኸሩን ቡቃያ በሚቃኝበት በነሐሴና በጳጉሜን ቀናት፣ በየወረዳው የምደባ ደብዳቤ የያዙ አዳዲስ መምህራን መንገድ ይጀምራሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከኮሌጅ ከወጡ ብዙ ጊዜ ያልሆናቸው ወጣቶች ሲሆኑ፣ የተመደቡበትን ቀበሌ ስሙን እንጂ መንገዱን አያውቁትም። የሞላ ወንዝ ተሻግረው፣ ጭቃውን አልፈው፣ ዕቃቸውን በአህያ አስጭነው ከትምህርት ቤቱ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የሚያዩት አቀባበል ዓመቱን አስተምረው እንዲፈጽሙ ወይም ገና ከጅምሩ ዝውውር እንዲጠይቁ ሊያደርጋቸው ይችላል።

መምህር መመደብና ደመወዝ መክፈል የመንግሥት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መምህሩ የሚያድርበት ቤት፣ የሚቀዳው ውሃ፣ የሚሸምተው እህልና ሲታመም የሚጠይቀው ጎረቤት ከደመወዝ መዝገብ ላይ አይገኙም። እነዚህ ሁሉ በመንደሩ እጅ ናቸው። በመሆኑም የቀበሌ መሪዎች፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎችና የወላጆች ተወካዮች በጉዳዩ ላይ አስቀድመው ሊመክሩበት ይገባል።

መምህር በዓመቱ አጋማሽ ጥሎ ሲሄድ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። ጥቂት መምህራን ባሉበት የገጠር ትምህርት ቤት ሁለት ክፍሎች ተዳብለው ይማራሉ፤ አለዚያም ልጆች መምህር አጥተው ይውላሉ። ወላጅም ልጁ ትምህርት ቤት ሄዶ በከንቱ መመለሱን ሲያይ ወንዱን ከብት ጥበቃ ያሰማራዋል፤ ሴቷን ከቤት ሥራ ላይ ያስቀራታል። አንዴ ያቋረጠን ልጅ እንደገና ወደ ክፍል መመለስ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ከታች ክፍል ያለ በቂ መምህር ያለፈ ልጅ ከላይ ሲደርስ መቸገሩ አይቀርም።

የቆየ ልማድ አለን

አስተማሪን ተቀብሎ ማኖር ለገጠሩ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። የኔታን አክብሮ፣ ከሩቅ አገር የመጣውን የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየሰጠ ያስተማረው ገበሬው ነው። በወሎም ለሸኾቹና ለደረሶቻቸው ምግብ ያቀርብ የነበረው የአካባቢው ነዋሪ ነው።

በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን ይኸው ታይቷል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲልክ፣ አብዛኞቹ የተሰማሩት በመምህርነት ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅም በየአካባቢው የነበሩት የገበሬ ማኅበራት የማስተማሪያ ቦታ በማዘጋጀትና ሕዝቡን በማስተባበር ድርሻ ነበራቸው። ዘመኑና አሠራሩ ቢለዋወጥም፣ እንግዳ የሆነ አስተማሪ ያለ መንደሩ እገዛ ሥራውን ሊወጣ እንደማይችል ከእነዚህ ሁሉ መረዳት ይቻላል።

ከመድረሱ በፊት

የመጀመሪያው ጉዳይ ቤት ነው። የመምህራን መኖሪያ ባለበት ትምህርት ቤት ጣሪያው እንዳያፈስ፣ በሩ ከውስጥ እንዲቀረቀርና ከውጭ እንዲቆለፍ፣ መጸዳጃውም ንጹሕ እንዲሆን በነሐሴ ወር በአንድ ቀን ደቦ ማደስ ይቻላል። መኖሪያ ከሌለ ደግሞ የሚከራይ ክፍል አስቀድሞ ፈልጎ፣ ኪራዩን ከአከራዩ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይገባል። መምህሩ ደመወዝተኛ ነው በሚል ኪራይ የሚያንር አከራይ የጎረቤቶቹን ልጆች እንደሚጎዳ ሊነገረው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምግብ ነው። መስከረም ጎተራ የሚጎድልበትና እህል በገበያ የሚወደድበት ወር መሆኑን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል። የአዲስ ተቀጣሪ የመጀመሪያ ደመወዝ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ጥቂት ቁና ጤፍ ወይም በቆሎ በዱቤ ሰጥተው፣ በመዝገብ ይዘው፣ ደመወዝ ሲደርስ ቢቀበሉ መምህሩን ከጭንቀት ያድኑታል። ነገሩ ብድር እንጂ ምጽዋት ስላልሆነ ክብሩን አይነካም።

የመጀመሪያው ሳምንት

መምህሩ ከደረሰ በኋላ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ብቻ ተወስኖ እንዲቀር መተው አይገባም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከስግደት በኋላ ወይም በዕድር ስብሰባ ላይ ስሙና የሚያስተምረው ትምህርት ለሕዝቡ ቢነገር፣ በማግሥቱ መንገድ ላይ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ይበዛል። ንጹሕ ውሃ ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ፣ ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ጤና ኬላው የት እንደሆነ፣ የትኛው ወንዝ በድንገት እንደሚሞላ የሚያሳየው አንድ ሰው ሊመደብለት ይገባል። ዕድሩም የመግቢያውን ገንዘብ በየወሩ ከፋፍሎ ቢቀበለው፣ መምህሩ ለችግር ጊዜ ወገን ያገኛል።

ለሴት መምህራን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤታቸው ከመንደሩ የራቀ እንዳይሆን፣ ወደ ወረዳ ከተማ ሲሄዱና ሲመለሱ ብቻቸውን እንዳይጓዙ፣ የሚያስቸግራቸው ቢኖር ጉዳዩ በሽምግልና ተሸፋፍኖ እንዳይቀርና ለሕግ እንዲቀርብ መሪዎቹ ኃላፊነት አለባቸው። ሴት መምህርት ተከብራ ስትኖር ያየ ወላጅ ሴት ልጁን ለማስተማር ይበረታታል።

አቀባበሉ መምህራንን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከሌላ አካባቢ የመጣ ርዕሰ መምህር፣ ጸሐፊ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛም ቤት፣ ውሃና ወገን ይፈልጋሉ። ጥበቃ የሌለው ትምህርት ቤት ወንበርና መጽሐፍ ይጠፋበታል።

ሊታረሙ የሚገባቸው

አንድ ቀን በሬ አርዶ፣ ጠላ ጠምቆ መጋበዝ መልካም ቢሆንም፣ ቤቱ እያፈሰ የሚደረግ ድግስ መምህሩን አያቆየውም። እንዲሁም መጻፍ ይችላል በማለት በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዥ ማድረግ የልጆቹን ሰዓት መውሰድ ነው። ቤት የሰጠ ወይም እህል ያበደረ ሰውም ልጁ ሳይገባው እንዲያልፍ መጠየቅ የለበትም። ውለታ በውጤት የሚከፈል ከሆነ ትምህርቱ ይበላሻል።

መምህሩም በበኩሉ የአካባቢውን ልማድ ማክበር፣ በሰዓቱ ክፍል መግባትና የተበደረውን መመለስ ይጠበቅበታል። ቅሬታ ሲኖረው ሳይናገር ከመሄድ ይልቅ ለቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ወይም ለወላጆችና መምህራን ኅብረት ቢያቀርብ መፍትሔ ሊገኝ ይችላል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል። በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ተቋርጦባቸው የቆዩ ቦታዎችም ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚመደብ መምህር ከሁሉ በፊት የሚፈልገው በሰላም ገብቶ የሚወጣ መሆኑን ነው። በዚህ ረገድ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ቃል ትልቅ ክብደት አለው።

የነሐሴ ስብሰባ ሲጠራ እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት ይበጃል። ስንት አዲስ ሠራተኛ ይመጣል? የት ያድራል? እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ምን ይበላል? መንደሩን ማን ያሳየዋል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ኃላፊ የሚሆን ሰው በስም ተመርጦ ይያዝ። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በጋውን ማለፉ እንደሚታይ ሁሉ፣ በጥር ወር አዝመራው ከገባ በኋላ እንደገና ተሰብስቦ በመስከረም ከመጡት መምህራን ስንቱ በሥራቸው ላይ እንዳሉ መቁጠር ያስፈልጋል። የጎደለ ካለም ለምን እንደሄደ ተጠይቆ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እርማት ሊደረግበት ይገባል።