ፍግ በአሸዋማና በዋልካ መሬት

አንድ ገበሬ ከበረቱ ያወጣውን ፍግ ለሁለት እርሻዎች እኩል ቢያካፍል፤ አንደኛው አሸዋማ፣ ሁለተኛው ዋልካ የሆነ እንደሆነ፤ ውጤቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። በአሸዋማው መሬት ፍጉ ፈጥኖ ያልቃል፤ በዋልካው ግን ረዥም ጊዜ ይቆያል። ምክንያቱን የተረዳ ገበሬ ፍጉን በከንቱ አያባክንም።

አፈር በቅንጣቱ መጠን በሦስት ይከፈላል። ከ2 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ያለው አሸዋ፣ ከዚያ በታች እስከ 0.002 ሚሊሜትር ያለው ደለል፣ ከዚህም የሚያንሰው ሸክላ ይባላል። አንድ ጭብጥ አፈር ውኃ ባለበት ጠርሙስ አጥብቀው በጥብጠው ቢያስቀምጡት፤ አሸዋው በ1 ደቂቃ ያህል ይዘቅጣል፤ ደለሉ ጥቂት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ውኃውን አደፍርሶ ይቆያል። የተነባበረውንም ውፍረት በማየት የመሬቱን ዓይነት መገመት ይቻላል።

ፍግንና ገለባን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው። በ1 ግራም ለም አፈር ውስጥ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህም ምግብ፣ አየርና እርጥበት ያሻቸዋል። በአሸዋ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለ ሆነ አየር እንደ ልብ ይገባል፤ ስለዚህ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ምግባቸውን ፈጥነው ይጨርሳሉ። ከዚያ የተረፈውን የተክል ምግብም ዝናብ ወደ ታች አጥቦ ይወስደዋል። የሸክላ ቅንጣት ግን ብስባሹን አጣብቆ ይይዛል፤ በጠባብ ክፍተቶቹም ስለሚሸሽገው ረቂቅ ነፍሳቱ በቀላሉ አይደርሱበትም።

ይሁን እንጂ ዋልካ ሁልጊዜ ለም ነው ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ዋልካ መሬት 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሲሆን፤ ጥቁረቱ ብስባሽ የበዛበት ቢያስመስለውም፤ ብዙ ጊዜ ብስባሹ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። በክረምት ውኃ ሲተኛበትም አየር ስለሚያጣ አንዳንዶቹ ረቂቅ ነፍሳት ለተክሉ የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ወደ አየር ይለውጡታል፤ አዝመራውም ይገረጣል።

ፍግ አሸዋን ሸክላ፣ ሸክላንም አሸዋ አያደርግም። ነገር ግን ረቂቅ ነፍሳቱ በሚያበሰብሱት ጊዜ የሚያወጡት ሙጫ መሰል ነገር ቅንጣቶቹን ያያይዛል፤ አሸዋማው እርጥበት ይይዛል፤ ዋልካውም ይፍረከረካል። ስለዚህ ለአሸዋማ መሬት ፍጉን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት፣ ለመዝሪያው ጊዜ አቅርቦ መስጠት ይሻላል። ለዋልካ ግን አስቀድሞ ፈሰስ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች አፈሩን በእጃቸው እየከመሩ ከፍ ያለ መደብ በመሥራት ውኃውን ማሳለፍ ያውቁበታል። ያልበሰበሰ ገለባም ለጊዜው የተክሉን ናይትሮጅን ስለሚሻማ፤ አስቀድሞ ከፍግ ጋር ማብላላት ይገባል።

በመጨረሻም፤ ኩበት በምድጃ በነደደ ጊዜ የረቂቅ ነፍሳቱ ምግብና ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። በቤቱ አጠገብ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ የተከለ ገበሬ ፍጉን ለእርሻው ያተርፋል። መሬቱም ለልጆቹ ሳይደክም ይተላለፋል።