ቱቦው የጫነውን ዓሣው ያወርደዋል

ፖሊስተር ልብስ በታጠበ ቁጥር ዓይን የማይለያቸው ክሮች ይረግፋሉ። በባሕር ዳር የእጥበቱ ውኃ ቦይ ካገኘ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ የጎማ ብናኝ፣ የተቆራረሰ ፌስታልና የጋራዥ ዘይት ይጨምርበትና ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ይወስደዋል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው የፕላስቲክ ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ጉዳቱን ለመመዘን ግን የተሸከመውን ማየት ይሻላል።

አንዱ ጭነት ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ነው። ፕላስቲክን የሚያለሰልሱት ፍታሌቶች ከፕላስቲኩ ጋር ተደባለቁ እንጂ አልተጣበቁም፤ ቀስ እያሉ ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹም የሆርሞንን ሥራ ያዛባሉ። ጎማን ከመሰነጣጠቅ የሚጠብቀው 6ፒፒዲ ደግሞ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ሌላ ውሁድ ይሆናል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከዝናብ በኋላ ኮሆ የተባለውን የሳልመን ዓሣ ሲፈጅ የኖረው ይኸው ውሁድ እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ሁለተኛው ጭነት መንገድ ላይ የሚጫን ነው። ፕላስቲክ እንደ ቅባት ውኃን ይሸሻል፤ ስለዚህ እንደ ዲዲቲና የተቃጠለ ዘይት ውሁዶች ያሉ ውኃ ጠል መርዞች ይለጠፉበታል። ፀሐይ ሲያስረጀውና አተላ ሲለብስ እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያሉትን ብረቶችም ይይዛል። 

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይጋነናል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ክረምት ላይ ጣናን በደለል ይሞሉታል፤ ያው መርዝ ከፕላስቲኩ ይልቅ በጭቃው ላይ በብዛት ይጓዛል። በሐይቁ መሃል ፕላስቲኩ ትንሽ ተሸካሚ ነው። የሚያሰጋው ቦዩ የሚያርፍበት ዳር ነው፤ እዚያ ፕላስቲኩም መርዙም ገና አልተበረዙም። ሐይቁ ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ስለሆነ የሰመጠውን ነፋስ መልሶ ይቀሰቅሰዋል።

አምባዛ ምግቡን ከሥር ጭቃ ሳይቀር ይለቅማል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የዝዋይ ሐይቅ ጥናት ከመረመራቸው ዓሦች 35 በመቶ ያህሉን ፕላስቲክ ውጠው አግኝቷቸዋል። አንጀት ውስጥ ሐሞቱ የተለጠፈውን ያላቅቀዋል። ዓሣው ሲበለት ፕላስቲኩ ከሆድ ዕቃው ጋር ይጣላል፤ ወደ ሥጋውና ወደ ስቡ የተሻገረው ግን ድስት ይገባል።

ባሕር ዳር ዓባይ በሚወጣበት አፍ ላይ ስላለች ከፍሳሿ ከፊሉ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። በጣና ላይ ያለው የደቅ ደሴት ሰው እንግዲህ ከባሕር ዳር ሌላ መገጭ ከጎንደር፣ ጉማራ ከፎገራ ማሳ የሚያመጡትንም ማሰብ ይኖርበታል።

አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ክርና የጎማ ብናኝ ግን በፌስታል ክልከላ አይገቱም። የማጣሪያ ጣቢያም ቢሠራ አብዛኛውን ይዞ ዝቃጩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ዝቃጩ ለማዳበሪያ ማሳ ላይ ከተበተነ ክረምት መልሶ ያመጣዋል። ዳሩን የያዘው ደንገል ባይመነጠር ብዙውን ያግዳል፤ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እርሱን ነው። በቤተ ሙከራም የተሟሟ ብረት ሲለካ ውኃው መጀመሪያ ይጣራል፤ የፕላስቲኩ ጭነት ማጣሪያ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀቱም ከአምባዛው ጉበት ጋር አብሮ ሊመረመር ይገባል።