ቆዳው የት ነው? እጅ ላይ ወይስ ኳሷ ላይ?

አፋሮች ኮዕሶ በሚሉት ጥንታዊ ጨዋታቸው ኳሷን የሚሠሩት ከተጠቀለለ የፍየል ቆዳ ነው። ሁለት ወገን ሆነው ይሻሙባታል፤ የያዘ ይሸሻል፣ ለጓደኛው ያቀብላል፣ ያልያዘ ያሳድዳል። ጓንት የለም። ቤዝቦል ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የኳሷ ሆድ በተጠቀጠቀ ክር የደረቀ ነው፣ ለስላሳው ቆዳ ደግሞ የተጫዋቹ እጅ ላይ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 145 ግራም የምትመዝን የቤዝቦል ኳስ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስትበር 143 ጁል ያህል ጉልበት ትሸከማለች። በ3 ሳንቲሜትር ውስጥ ቀጥ ካደረጓት መዳፍ ላይ የሚያርፈው አማካይ ግፊት ከ480 ኪሎ ሸክም ጋር ይስተካከላል። እጅን ወደ ሆድ እየሳቡ በ30 ሳንቲሜትር ካስቆሟት ግን 48 ኪሎ ብቻ ይሆናል። የውስጥ ሜዳ ተከላካዮች «ለስላሳ እጅ» የሚባልላቸው ይህን ርቀት መስጠት ሲችሉበት ነው። ለእንቁላል እጅ እንደሚዘረጋው ሰው፣ ኳሷ ስትደርስ እጃቸው ወደኋላ መሄድ ጀምሯል። የፍየል ቆዳዋ ኳስ ከዚህ ሥራ ከፊሉን ራሷ ትሠራለች፤ መዳፍ ስትነካ ትጨማደዳለች፣ ጉልበቷም እዚያው ይባክናል።

የሚከብደው መሬት ለመሬት የምትመጣዋ ኳስ ናት። የአዋሽ ወንዝ በአፋር ዱብቲ አካባቢ ያነጠፈው ደለል ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጠንካራ ኳስ ወዴት እንደምትነጥር የሚያውቅ የለም። አቅጣጫዋ በ10 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ፣ ከነጠረችበት 20 ሳንቲሜትር ላይ የጠበቃት እጅ በ3.5 ሳንቲሜትር ይስታታል፤ ጓንቱ ይሸፍነዋል። 2 ሜትር ርቆ የጠበቃት ግን በ35 ሳንቲሜትር ያጣታል፤ የውስጥ ሜዳ ጓንት ርዝመቱ 29 ሳንቲሜትር ግድም ነው። ስለዚህ ጎበዙ ተከላካይ ወደ ኳሷ ይገሰግሳል፣ ገና ከመሬት ሳትርቅ ይቀልባታል። ጀማሪ ግን ስለሚፈራት ያፈገፍጋል፤ የሚጎዳውም ይኸው ነው።

ዓይንስ? ኳሷ ከመቺው አጠገብ ተነሥታ ሦስተኛው ቤዝ ላይ እስክትደርስ 27 ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት በ160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 0.6 ሰከንድ ይፈጅባታል። ከዚያ ውስጥ 0.2 ሰከንድ ያህሉ አይቶ እስኪነቃነቅ ያልቃል። በ2000 እ.ኤ.አ. ማይክል ላንድና ፒተር ማክሎድ የክሪኬት መቺዎችን ዓይን ሲከታተሉ፣ ዓይናቸው ኳሷን ያለማቋረጥ ተከትሎ እንደማይሄድ፣ ይልቁንም ቀድሞ ዘሎ የምትነጥርበት ቦታ ላይ እንደሚጠብቃት አገኙ።

የቤዝቦል የውስጥ ሜዳ ተከላካዩ ኦዚ ስሚዝ በሚያዝያ 1978 እ.ኤ.አ. ያደረገው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ወደ ግራው ተወርውሮ በአየር ላይ ሳለ ኳሷ መሬት ነክታ ወደኋላው ዞረችበት፤ ጓንት በሌለው ቀኝ እጁ ለቀማት፣ ተነሥቶም ወረወረ። ቆይቶ ከ1980 እስከ 1992 በተከታታይ 13 የወርቅ ጓንት ሽልማት ወስዷል፤ የማይረሳው ግን ያ የባዶ እጅ ቅልብ ነው።

   

ጓንት ዋጋም ያስከፍላል። በ1919 እ.ኤ.አ. ግድም ቢል ዶክ የተባለ ወርዋሪ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል መረብ እንዲታሰር ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ ጓንት ጎድጎድ ያለ ኪስ አበጀ፤ ጥልቅ ኪስ ኳስ ይይዛል፣ ግን ፈልጎ ማውጣቱ ጊዜ ይበላል። ወደ ቤዝ የሚሮጥ ሰው በአንድ አስረኛ ሰከንድ 80 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ለዚህ ነው የውስጥ ሜዳ ተጫዋቾች፣ በተለይ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያሉት፣ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ጓንት የሚመርጡት። የኮዕሶ ተጫዋች ይህ ጣጣ የለበትም፤ ኳሷን ሲቀልብ ቀድሞውኑ በጣቶቹ መካከል ስለሆነች ያንኑ እጅ ወደኋላ ስቦ ያቀብላል።