ከጎጆዋ የወደቀች በቀቀን

ማለዳ ላይ፣ ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና ጎዳና በታክሲ ረዳቶች ጥሪ ከመድመቁ በፊት፣ ዛፍ በሚበዛባቸው የአዲስ አበባ ግቢዎች ሌላ ጥሪ ይቀድማል። ቀጭን፣ ስልና ችኩል ድምፅ ነው። ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ ቅጠል እንጂ ወፍ አያይም። ጥቂት ሲታገሥ ግን ከቅጠሉ መካከል ቀይ ምንቃር ብቅ ይላል፤ ቀጥሎም ጅራታቸው ያጠረ አረንጓዴ ወፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከዛፍ ወደ ዛፍ በጥድፊያ ሲበሩ ይታያሉ። እነዚህ ወፎች በቀቀኖች ናቸው።

በቀቀን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሰማችውን የምትደግመውን የባሕር ማዶ ወፍ ነው። ያለማስተዋል የሰው ቃል የሚደግምን ሰው «እንደ በቀቀን» የምንለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ኢትዮጵያ ግን የራሷ የሆኑ ቢያንስ ስድስት ዓይነት በቀቀኖች አሏት። ግንባሯና ፊቷ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጪ በየትኛውም የዓለም ክፍል በዱር አትገኝም። በአዲስ አበባ ግቢዎች የምትታየው ትንሿ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ ቦታዎች በቀር ሌላ አገር የላትም። ይህችን ወፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ በ1814 የታተመው የእንግሊዛዊው ተጓዥ የሄንሪ ሶልት የጉዞ መጽሐፍ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሟም ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ደጋው ከሚያወጣው ከታራንታ መተላለፊያ የተወሰደ ነው። ወንዱ በቀይ ግንባሩ ይለያል፤ ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት። ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሥሩ ጥቁር ነው።

የእነዚህ ወፎች ኑሮ በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ እርሱም የዛፍ ጉድጓድ ነው። ትንሿ በቀቀን እንደ ሌሎች ወፎች በቅርንጫፍ ላይ ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን የምትጥለውም፣ ሌሊቱን የምታሳልፈውም በግንድ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ራሷ አትፈለፍለውም። ግንደ ቆርቁር የተወውን፣ አለያም ቅርንጫፍ ተሰብሮ የበሰበሰበትን ቦታ ትፈልጋለች። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚገኘው በቆየ ዛፍ ላይ ነው፤ በአገር በቀል ጽድ፣ በወይራ፣ በሾላ፣ በዋርካ። የጽድና የሾላ ፍሬ ምግቧም ስለሆነ አንድ ያረጀ ዛፍ ለእርሷ ቤትም ጓዳም ነው።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ አንድ ወር ተኩል ገደማ በጉድጓዱ ውስጥ ይቆያሉ። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ ዝናብና ነፋስ የበሰበሰውን ግንድ ይጥለዋል፣ ወይም ጫጩቷ መብረር ስትለማመድ መሬት ላይ ታርፋለች። ልጆች ያገኟታል። ቤት ይዘዋት ይገባሉ። በካርቶን ውስጥ ትቀመጣለች፤ በወተት የራሰ ዳቦ ይቀርብላታል፣ ውኃም በጠብታ በምንቃሯ ይንቆረቆርላታል። ሁሉም የሚደረገው በርኅራኄ ነው፤ አብዛኛው ግን ይጎዳታል። ወፎች ወተትን የመፍጨት ተፈጥሮ የላቸውም። በግድ የሚንቆረቆር ውኃ ደግሞ በቀላሉ ወደ መተንፈሻዋ ገብቶ ይገድላታል።

በወፎች እንክብካቤ የተሰማሩ ባለሙያዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት ጥያቄ «ላባ አውጥታለች ወይ?» የሚል ነው። ላባ ያወጣች፣ ቆማ የምትንጠራወዝና ጉዳት የማይታይባት ከሆነች በአብዛኛው የጠፋች ሳትሆን መብረር በመማር ላይ ያለች ናት። ወላጆቿ አካባቢውን አልለቀቁም፤ ይጠሯታል፣ ይመግቧታልም። ድመትና ውሻ ከማይደርሱበት ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጦ ራቅ ብሎ መጠበቅ ከሁሉ የተሻለ ርዳታ ነው። ላባ ያላወጣች ከሆነች፣ ጉድጓዱም የሚደረስበት ከሆነ፣ መልሶ ማስገባት ይገባል። የሰው እጅ የነካትን ጫጩት እናቷ ትጥላታለች የሚለው በስፋት የሚነገር አባባል እውነትነት የለውም። ዛፉ ራሱ ወድቆ ከሆነ ግን ከምግብ በፊት ሙቀት ያስፈልጋታል። በቀዘቀዘ ሰውነት የገባ ምግብ አይፈጭም። በጨርቅ በተነጠፈ፣ ጨለም ባለና አየር በሚገባው ካርቶን አድርጎ ለእንስሳት ሐኪም ማድረስ ቀጣዩ ሥራ ነው።

ጫጩቷ በሰው እጅ ካደገች ሌላ ነገር ይከተላል። በቀቀን የመንጋ ወፍ ናት፤ ዓይኗን ገልጣ የምታየውን ቤተሰቤ ብላ ትይዛለች። በሰው መካከል ያደገች በቀቀን ሰውን እንጂ በቀቀንን አትመስልም። የመንጋዋን ጥሪ አታውቅም፣ ጭልፊትን አትፈራም፣ የትኛው ፍሬ እንደሚበላም አልተማረችም። በቤት ውስጥ ደግሞ ዕድሜዋ ረጅም ነው። ትንንሾቹ በቀቀኖች ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ ትልቋ የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን 40 እና 50 ዓመት ልትደርስ ትችላለች። ለልጅ መጫወቻ ተብላ የተያዘች ወፍ ልጁ አድጎ ከቤት ሲወጣ እርሷ ገና ጎልማሳ ናት።

በዓለም ላይ የበቀቀን መጠለያዎች የተመሠረቱት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ወፎች ወደዚያ የሚደርሱት ባለቤታቸው ሞቶ፣ ቤት ቀይሮ ወይም ጩኸታቸው ሰልችቶት ነው። መጠለያ ሲባል ጸጥ ያለ የአትክልት ሥፍራ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። በቀቀኖች ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ በአንድነት ይጮኻሉ፤ በዱር መንጋው የሚጠራራው በእነዚህ ሰዓቶች ነውና። አዲስ ገቢዋ ወፍ በመጀመሪያ ለሳምንታት በለይቶ ማቆያ ትቀመጣለች። ምንቃርንና ላባን የሚያበላሸው ቫይረስ አንድ ጊዜ ከገባ መንጋውን ሊያዳርስ ይችላል፤ ወደ ሰው ተላልፎ የሳንባ ምች የሚያስከትል የበቀቀን በሽታም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ይበልጡን ልማድን ማስተው ነው። ለዓመታት የሱፍ ፍሬ ብቻ ስትመገብ የኖረች በቀቀን ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ሲቀርብላት ምግብ መሆኑን አታምንም፤ ሱፍ ብቻ መብላት ግን ጉበቷን በስብ ይሞላዋል፣ የቫይታሚን ኤ እጥረትም ያመጣባታል። አንዳንዶቹ ደረታቸው ራቁቱን ሆኖ ይመጣሉ። ላባቸውን የነጩት ራሳቸው ናቸው፤ ብቸኝነትና ሥራ ማጣት ያመጣው ነው። ተንከባካቢዎቹ ምግቡን በሣህን ከማቅረብ ይልቅ በወረቀት ጠቅልለው፣ በእንጨት ቀዳዳ ደብቀው ይሰጧቸዋል። በዱር ያለች በቀቀን ከቀኗ ሰፊውን ክፍል ምግብ በመፈለግ ስለምታሳልፍ፣ ፍለጋው ራሱ መድኃኒት ነው። የነጨችው ላባ መልሶ ላይበቅል ይችላል።

ስለ ቤት ከተነሣ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጭስ ከሰው ይልቅ ወፍን ፈጥኖ ይጎዳል። ከሰሉ፣ ዕጣኑና የቡናው ቁሌት ለእንግዳ ክብር ቢሆኑም በዚያው ክፍል በሽቦ ቤት ለተቀመጠች ወፍ አደጋ ናቸው። ቡናው ራሱም፣ አቮካዶም፣ ቸኮላትም ለበቀቀን መርዝ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በሚገኘው የሊንከንሻየር የዱር እንስሳት ፓርክ የሆነው ነገር የመጠለያን ኑሮ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ በ2020 ከተለያዩ ቤቶች የመጡ አምስት ግራጫ በቀቀኖች በአንድ ለይቶ ማቆያ ተቀመጡ። ሁሉም ከቀድሞ ቤታቸው ስድብ ተምረው ነበርና አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ ይሳደብ ጀመር። ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ወፎቹም ሳቁን እንደ ሽልማት ቆጥረው ጨመሩበት። በመጨረሻ ከጎብኚዎች ዓይን ተነሥተው ከሌሎች ጋር ተለያይተው እንዲቀመጡ ተደረገ። ነገሩ በዓለም ዙሪያ ያሳቀ ወሬ ሆኖ አልፏል። ዳሩ ግን እነዚያ ወፎች የተናገሩት ቃል ሁሉ የሰው ነበር፤ ከሌላ በቀቀን የተማሩት አልነበረም።

ከአፍሪካ ደግሞ በካሜሩን የሚገኘው የሊምቤ የዱር እንስሳት ማዕከል ሌላውን ገጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ በዱዋላ አየር ማረፊያ ወደ ውጭ ሊላኩ ሲሉ የተያዙ ከ1000 በላይ ግራጫ በቀቀኖች ወደ ማዕከሉ ገቡ። አዳኞች በቅርንጫፍ ላይ ሙጫ ቀብተው የሚይዟቸውን እነዚህን ወፎች የክንፍ ላባቸውን ይቆርጡታል። የተቆረጠ ላባ በጊዜው ረግፎ በአዲስ እስኪተካ ድረስ ወፏ አትበርም፤ ይህም ወራትን ይወስዳል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ወፏን አደንዝዘው ጉቶውን ይነቅሉታል፤ አዲሱ ቶሎ እንዲበቅል ነው። ቀጥሎ በሰፊ የሽቦ ቤት ክንፋቸው እስኪበረታ ይቆዩና በመንጋ ይለቀቃሉ። በዱር ተወልደው በጊዜ የተያዙ ወፎች በዚህ መንገድ ይመለሳሉ። በቤት ያደጉት ግን በአብዛኛው አይለቀቁም፤ እነርሱም አይተርፉም፣ ያልታወቀ በሽታም ለዱሩ መንጋ ሊያደርሱ ይችላሉ።

የንግዱ ስፋት ሕግ አስከትሏል። እ.ኤ.አ በ2016 በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት የሳይተስ ስምምነት አባል አገሮች ግራጫ በቀቀን ከዱር ተይዛ ለንግድ ከአገር አገር እንዳትዘዋወር ወስነዋል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ በ1989 ሲሆን፣ ትንሿና ባለቢጫ ግንባሯ በቀቀን ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ ከሚካሄደው ዝርያዎች ጋር ተመዝግበዋል። በአገር ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ የተከለከለ ነው። ርኅራኄም ቢሆን ፈቃድን አይተካም።

ታዲያ በአዲስ አበባ የተጎዳች በቀቀን የት ትሂድ? በኢትዮጵያ ካሉት የዱር እንስሳት ማገገሚያዎች ስሙ የሚነሣው ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከመዲናዋ በስተምዕራብ በሆለታ አቅራቢያ ያቋቋመው የእንሰሳ ኮቴ ማዕከል ነው። በይበልጥ የሚታወቀው ግን በአንበሶች፣ በአቦ ሸማኔዎችና በዝንጀሮዎች ነው፤ በዶሎ በሰንሰለት ታስሮ ከነበረበት የተወሰደው አንበሳ መኖሪያው በዚያ ሆኗል። ለአንበሳ የተሠራ ግቢ ለበቀቀን ከሚያስፈልጋት መንጋና ለይቶ ማቆያ ጋር አንድ አይደለም።

ለዚህም ነው የአዲስ አበባ በቀቀኖች እውነተኛ መጠለያ ዛፉ የሚሆነው። በግዮን ሆቴል ግቢ፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በቆዩ መኖሪያ ቤቶች ጓሮ ያሉት ዛፎች ለከተማዋ ጌጥ፣ ለወፎቹ ግን ሌላ ምትክ የሌለው ቤት ናቸው። በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማት ሥራ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ እንደታየው መዲናዋ መልኳን በፍጥነት እየቀየረች ነው። በየመንገዱ ዳር አዲስ ችግኝ ይተከላል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ የተተከለ ጽድ በቀቀን የምታድርበት ጉድጓድ እስኪኖረው ብዙ አሥርተ ዓመታት ያልፋሉ። በመናገሻ ያለው ጥንታዊ የጽድ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ዘሩን ያመጡት ሰዎች የዛፉን ጉድጓድ አላዩም።

ጊዜውን ማሳጠር የሚቻልበት መንገድ መኖሩን ሞሪሸስ አሳይታለች። በዚያች ደሴት ብቻ የምትገኘው አረንጓዴ በቀቀን እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ቁጥሯ ከ20 አይበልጥም ነበር። ባለሙያዎች ጎጆ ውስጥ ሊሞቱ የተቃረቡ ጫጩቶችን አውጥተው አሳደጉ፣ መልሰውም ለቀቁ፤ ጉድጓድ ባጡት ዛፎች ላይ የእንጨት ሳጥን ሰቀሉ። ዛሬ ቁጥሯ ከ700 በላይ ነው። በመካከሉ የምንቃርና የላባው በሽታ ገብቶ ሥራውን ፈትኖታል። የደሴቲቱ ሥራ የዓመታት ክትትልና ብዙ ባለሙያ ጠይቋል።

በወሎ ሰፈርም ሆነ በሌላ የመዲናዋ ክፍል ዛፍ የሚያስቆርጥ ባለግቢ ግን ከዚያ ያነሰ ሥራ ነው ያለበት። ከመቁረጡ በፊት ሁለት ቀን ማለዳና ማታ ቀና ብሎ ግንዱን ማየት ይችላል። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል አረንጓዴ ወፎች አንድ በአንድ ወደ አንዲት ቀዳዳ ከገቡ፣ መጋዙ ጫጩቶቹ እስኪወጡ መቆየት ይችላል።