ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በአንድ መስመር

ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይወርዳል። ነገሩ እኩልታ አለው። አየሩ በአማካይ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወረድ 6.5 ዲግሪ ይሞቃል።

ደብረ ብርሃን ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ነው እንበል። ከዚያ በታች ያለው የከፍታ ልዩነት በኪሎ ሜትር «ከ»፣ ሙቀቱ «ሙ» ይባል፦

ሙ = 20 + 6.5ከ

«ከ» የመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ከ = 1.5፣ ሙ = 29.75 ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ያለችበት የይፋት ቆላ ሙቀት ከቀመሩ ወጣ ማለት ነው።

ጥያቄው ቢገለበጥስ? 26.5 ዲግሪ የሚገኘው የት ነው? ከሁለቱም ወገን 20 ሲቀነስ 6.5 = 6.5ከ ይቀራል፤ ለ6.5 ሲካፈል ከ = 1። ቦታው 1,800 ሜትር ላይ ነው።

መንገዱ ቢጠማዘዝም ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ቋሚውን አክሲስ 20 ላይ ይቆርጣል፤ ስሎፑ 6.5 ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ያለው፣ ጣሊያን ዋሻ የቆፈረበት ጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ «ከ» ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ነጥቡም ከቋሚው አክሲስ በስተግራ፣ ከ20 ዲግሪ በታች ይወድቃል። በእርግጥ የጣርማ በር ጉም ቀመር አያከብርም፤ 6.5 አማካይ ቁጥር ብቻ ነው።