ሽለላ ያለ ቃል፤ ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሸክላና ስለ ዳግም መታተሙ

ሽለላና ፉከራ በመሠረቱ የቃል ጥበብ ናቸው። ፎካሪው ስሙንና የአባቱን ስም፣ የፈረሱንም ስም ይጠራል፤ የጣለውን ጠላት ይቈጥራል፤ በግብር አዳራሽ ወይም በዘመቻ ዋዜማ በጌታው ፊት ወዲያና ወዲህ እየተንጐራደደ ጀግንነቱን ያስመሰክራል። ሽለላ ወደ ዜማ፣ ፉከራ ወደ ንግግር ያዘነብላል፤ ሁለቱም ግን ያለ ቃል አይታሰቡም። እንግዲህ አንድ ሰው ሽለላን ከአውሮፓ በመጣ፣ ቃል በማይናገር ሳክስፎን አሰማ ቢባል፣ ነገሩ በመጀመሪያ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ይህን ያደረጉት አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በ1972 (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በፊሊፕስ ስም የወጣው ሸክላቸው በ2003 በፓሪስ እንደገና ከታተመ ወዲህ በውጭ አገር ብዙ ተነግሮለታል፤ የተነገረለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጃዝ እንጂ ስለ ሽለላ አይደለም።

በእስትንፋስ የሚነፋ መሣሪያ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። መለከትና እምቢልታ ከነጋሪት ጋር የነገሥታትና የመኳንንት የክብር ምልክት ሆነው ኖረዋል። በትግራይ፣ በመቀሌም ዙሪያ፣ እምቢልታ የበዓልና የሠርግ ድምቀት ነው። የእምቢልታ አነፋፍ ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ አለው፤ መሣሪያው የጣት ቀዳዳ ስለሌለው እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወለደው ሦስቱ ነፊዎች ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። ብቻውን የሚፎክር የእምቢልታ ነፊ ሊኖር አይችልም። የእምቢልታው ክብር የማኅበር ነው፤ ከፊቱ ለሚነፋለት ጌታም ይሰጣል። የሽለላ ክብር ግን የአንድ ሰው ነው። ስለዚህ የአቶ ጌታቸው ሥራ በአገሩ ልማድ ተለያይተው የኖሩትን ሁለት ነገሮች፣ የነፋሱን መሣሪያና የብቸኛውን ሰው ፉከራ፣ ያገናኘ ነው ማለት ይቻላል።

መገናኛውን ያበጁት የማርሽ ባንዶች ናቸው። ከዐድዋ ጦርነት (1896) በኋላ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያዎች መጡ፤ በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥት ባንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤትም ባንዶች ተከተሉ። በ1935 በይፋት የተወለዱት አቶ ጌታቸው በልጅነታቸው ክራርና መሰንቆ ይጫወቱ ነበር፤ በ1949 በማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ሳክስፎንን በሰልፍና በኖታ ሥርዓት ከሌሎች ጋር ይንፉት እንጂ፣ ዜማውን የሚስቡበት መንገድ የመሰንቆን ጅማት የሚያስታውስ ነው፤ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ በደረጃ አይዘልም።

በሸክላው ውስጥ «ሽለላ» በተባለው ሥራ ባንዱ ከሥር ምቱን ሳይለውጥ ይዞ ሲሄድ፣ ሳክስፎኑ በከፍተኛ ድምፅ ይነሣል፤ እየተጣደፈ ይወርዳል፤ ድንገት ይቈርጣል፤ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ይነሣል። የፎካሪው አነጋገር ቅርፅ ይኸው ነው፤ አጭር ሐረግ፣ እረፍት፣ የበረታ ሐረግ። በመድረክም አቶ ጌታቸው እንደ ጥንቱ ጀግና የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይታዩ ነበር። በዚያው ሸክላ «አምባሰል»፣ «ትዝታ»፣ «አካሌ ውቤ»ም ይገኛሉ። እነዚህን የሚያውቅ ሰው ግጥሙን በልቡ ስለሚይዝ፣ ሳክስፎኑ ዜማውን ሲጀምር ቃሉን የሚሞላው ራሱ አድማጩ ነው። ያለ ቃል የሚሆነው ቃሉን ለማያውቅ ጆሮ ብቻ ነው።

ዳግም እትሙ የደረሰው ደግሞ በአብዛኛው ወደዚህ ጆሮ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለቡዳ ኩባንያ የሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም 14ኛውን ቅጽ ለአቶ ጌታቸው ሰጠ። የውጭ አድማጮች ይህን ሲሰሙ ወዲያው አልበርት አይለርንና ኦርኔት ኮልማንን አሰቡ፤ ከልማድ የወጣውን የአሜሪካ ጃዝ ማለት ነው። ንጽጽሩ ለጆሮ ሐሰት አይደለም፤ የታሪክ ምስክር ግን የለውም። አቶ ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን ማሰማት የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው፤ የአይለር የመጀመሪያ ቅጂ ግን የ1962 ነው። አሜሪካዊው ጩኸቱን ያገኘው የተቀበለውን ሥርዓት በማፍረስ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ግን የተቀበለውን ሥርዓት በመጠበቅ ነው። በዳግም እትሙ ሽፋን ላይ የተሰጣቸው «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚለው ስምም ቢሆን ለአገሩ ሰው ጥቂት ያስገርማል፤ ፎካሪ በንጉሥ ፊት ይፎክራል እንጂ ራሱ ንጉሥ አይባልምና።

ይህ ማለት ግን ዳግም እትሙ ጉዳት አደረሰ ማለት አይደለም። ሸክላው ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ፤ የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን አዳከመ፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። እትሙ ባይኖር ቅጂው ከጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ ባልወጣ ነበር። አቶ ጌታቸውም በሕይወት ሳሉ ፍሬውን አይተዋል፤ «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ባንድ በ2004 ወደ አምስተርዳም ጋበዛቸው፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ሥራ አብረው አሳተሙ፤ በየአገሩም እየዞሩ ተጫወቱ። ያረፉት በሚያዝያ 4 ቀን 2016 ነው።

ከእርሳቸው ጎን ቆመው ትራምፔትና ትሮምቦን የነፉት ባልደረቦቻቸው ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። የዚያ ዘመን ሸክላ በአብዛኛው የዘፋኝ ሸክላ ነበር፤ ያለ ዘፋኝ የወጣ ጥቂት ነው። በሸክላው ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ የኦርኬስትራው ስም ይከተላል፤ የነፊዎቹ ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሸክላው ዳግም ሲታተም ከወረቀቱ ላይ ተገልብጦ የሚተላለፈውም ይኸው ባዶ ቦታ ነው።